ዳኛው ያየውን ለማየት ከፍዬ ገባሁ

ከታላቅ ወንድሜ ጋር በአንድ የቦክስ ግጥሚያ የመጨረሻ ሁለት ሰከንድ ስንጨቃጨቅ ዓመታት አልፈዋል። እሱ «ዳኛው ልክ ነው» ይላል። እኔ «ልጁን ዘረፈው» እላለሁ። የሚገርመው ሁለታችንም ግጥሚያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አይተነው አናውቅም ነበር። ያየነው የመጨረሻዋን ደቂቃ ነው። እሷንም በስልክ፣ ተቆራርጣ፣ ከስር የሐዘን ሙዚቃ ተለቆባት።

ከሦስት ወር በፊት ነገሩ ይለይለት ብዬ የድሮ የቦክስ ግጥሚያዎችን ሙሉውን የሚያሳይ አንድ የቪዲዮ ማህደር ውስጥ ተመዘገብኩ። በየወሩ የሚከፈልበት ነው። ስሙን መጥራት አልፈለግኩም። የሚመሳሰሉት ብዙ ስለሆኑ የምላችሁ ነገር ለሌሎቹም ሳይሠራ አይቀርም።

የምገመግመው በአንድ ነገር ብቻ ነው። የመሃል ዳኛ የሻምፒዮና ግጥሚያ ሲያስቆም ለምን እንዳስቆመ ያሳየኛል ወይስ አያሳየኝም? ለቆንጆ ዝረራ ክፍያ አያስፈልግም። እሱ በነጻ በየቦታው ሞልቷል።

መጀመሪያ የከፈትኩት ያቺን የክርክራችንን ግጥሚያ ነው። ማርች 17 ቀን 1990 እ.ኤ.አ.፣ ላስ ቬጋስ። ሁሊዮ ሴሳር ቻቬዝ ከሜልድሪክ ቴይለር። ሁለቱም ሽንፈት አያውቁም። ሁለቱም የሻምፒዮንነት ቀበቶ አላቸው። ቴይለር የ1984 የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው፣ እጁ ዓይን የሚቀድም ልጅ ነው። በ12ኛው ዙር፣ ማለትም በመጨረሻው፣ ሊያልቅ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው ዳኛው ሪቻርድ ስቲል እጁን አወናጭፎ ጨዋታውን አቆመ፤ ድሉም የቻቬዝ ሆነ። ከሦስቱ የነጥብ ዳኞች ሁለቱ ዘንድ ቴይለር በሰፊው እየመራ ነበር፤ አንደኛው 107 ለ102፣ ሌላኛው 108 ለ101። ሁለት ሰከንድ ቆሞ ቢተነፍስ ኖሮ አሸናፊ ነበር።

ክሊፑን ብቻ ያየ ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም። ልጁ ወድቋል፣ ተነስቷል፣ በእግሩ ቆሟል። ሰዓቱ አልቋል። ምን ቸኮለ?

ሙሉውን ሳየው ግን ሌላ ጨዋታ ሆነብኝ። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ቴይለር በቻቬዝ ላይ ይጫወትበታል። ሦስት፣ አራት፣ አምስት ይመታውና ይወጣል። ቻቬዝ አንድ ይመልሳል። ግን ያቺ አንዷ ከባድ ናት። ዙሩ በጨመረ ቁጥር የቴይለር ፊት እያበጠ፣ ቅርጹ እየተለወጠ ይሄዳል። ነጥቡን ቴይለር ይወስዳል፣ ጉዳቱንም ቴይለር ይወስዳል። በ12ኛው ዙር አንድ ቡጢ ሰንዝሮ ሲስት በራሱ ጉልበት ተስቦ ወደቀ፤ ማንም አልነካውም። ይህን ክሊፑ ላይ አይቼው አላውቅም። ከዚያ የቻቬዝ ቀኝ መጣችና እውነተኛው መውደቅ ሆነ።

እዚህ ላይ አገልግሎቱ በጣም የወደድኩለት ነገር አለ። የተንታኞቹን ድምፅ አጥፍቶ የመድረኩን ድምፅ ብቻ የሚያስቀር ቁልፍ አለው። በሁሉም ግጥሚያ ላይ አይሠራም፤ በዚህኛው ግን ይሠራል። የተንታኝ ጩኸት ሲጠፋ ምን ያህል እንደምንታለል ገባኝ። እነሱ ስለ ሰዓቱ ይጮሃሉ፣ አንተም ስለ ሰዓቱ ታስባለህ። ድምፃቸው ሲጠፋ የሚታየው አንድ ሰው ሌላውን ሰው ሲያይ ነው። ስቲል እስከ ስምንት ቆጠረ። «ደህና ነህ?» አለው። መልስ የለም። ደግሞ ጠየቀው። አሁንም መልስ የለም። ቴይለር ፊቱን ወደ ጥጉ አዙሯል። አሰልጣኙ ሉ ዱቫ መድረኩ ጠርዝ ላይ ወጥቶ ይጮሃል።

እዚህ ጋ አቆምኩት። ትንሽ ቆይቼ ነው የቀጠልኩት።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ወጣት ሆኜ ቦክስ እሠራ ነበር። አማተር፤ ሰባት ግጥሚያ ብቻ፣ የሚወራለትም አይደለም። አራተኛው ላይ ዳኛው አስቆመኝ። እንዴት እንደተናደድኩ! «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» እያልኩት እኮ ነው ያስቆመኝ። ለወራት ለማንም ለምንም ስናገር ኖርኩ። በኋላ ውሃ ይዞልኝ የነበረው ጓደኛዬ «አንተ መች ተናገርክ? ሰውየው ሁለቴ ጠየቀህ፣ አንተ ጣሪያውን ታይ ነበር» አለኝ። አላመንኩትም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ወይም ትዝ አልልህ አለኝ ልበል። የዚያን ቀን ጓንቴን ማን እንደፈታልኝ አላውቅም። እስከ ዛሬ አላውቅም።

ስለዚህ ስቲል ሲጠይቅ እና ቴይለር ዝም ሲል ለእኔ ተራ ነገር አይደለም። ከግጥሚያው በኋላ ቴይለር ሆስፒታል ሲገባ የፊቱ አጥንት ተሰብሮ ነበር፤ ብዙ ደምም ውጦ ነበር። ጥጉ ላይ የምትበራው የመጨረሻዎቹ አሥር ሰከንዶች ቀይ መብራት በርታ ነበር። ስቲል ግን በኋላ ሲጠየቅ የሰዓቱ ነገር የእሱ ጉዳይ እንዳልሆነ ነው የተናገረው። ድሮ ይህን መልስ ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር። አሁን ሌላ መልስ ሊሰጥ ይችል እንደነበር አይታየኝም።

ነገሩን የሚያበላሸው ቃሉ ይመስለኛል። «ዳኛ» እንለዋለን። ዳኛ ሲባል የሚመዝን፣ የሚፈርድ፣ ማን እንደሚገባው የሚያውቅ ሰው ይመጣብናል። ነጥብ የሚሰጡት ግን ከመድረኩ ውጭ የተቀመጡት ሦስቱ ናቸው። መሃል ያለው ሰውዬ ነጥቡን አያውቀውም፤ ማወቅም የለበትም። ሥራው የገላጋይ ሥራ ነው። ጸብ የሚገላግል ሰው ደግሞ «ቆይ፣ እስካሁን ማን እየመራ ነው?» ብሎ አይጠይቅም።

ወደ ግምገማው ልመለስ። ይህ ሁሉ ምስጋና እያለ አገልግሎቱ እዚሁ ግጥሚያ ላይ ይቅር የማልለውን ስህተት ሠርቷል። በዙሮች መሃል ያለችውን የአንድ ደቂቃ ዕረፍት ቆርጧታል። ደወሉ ይደወላል፣ ምስሉ ይዘላል፣ ቀጣዩ ዙር ይጀምራል። ተመልካች እንዳይሰለች ነው መሰለኝ። እኔ ግን የከፈልኩት ለእሷ ደቂቃ ነበር! ከ12ኛው ዙር በፊት የቴይለር ጥግ፣ ማለትም አሰልጣኞቹ፣ ልጁን «ይህ ዙር ያስፈልግሃል» ብሎ ነው የላከው። በነጥብ እየመራ፣ ሮጦ ሊያመልጥ የሚችለውን ልጅ። የሁለቱ ሰከንድ ክርክር ሥሩ እዚያ ወንበር ላይ ነው። እሱን ቆርጦ ጥሎ የዳኛውን እጅ በዝግታ አሥር ጊዜ ማሳየት ምን ይባላል? የተቆረጠውን ሌላ ቦታ ፈልጌ አየሁት፤ በነጻ፣ በደበዘዘ ምስል።

ሌላ የማይረባ ነገር፤ ፍለጋው። በቦክሰኛ ስም መፈለግ ይቻላል። በዓመት፣ በሚዛን፣ በቀበቶ ይቻላል። በዳኛ ስም ግን አይቻልም። እኔ ደግሞ ስቲልን ነበር የምፈልገው። ከቴይለር ግጥሚያ ልክ ከአንድ ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ፣ ማርች 18 ቀን 1991 እ.ኤ.አ.፣ ማይክ ታይሰንን ከዶኖቫን ራዶክ ያጫወተው እሱ ነው። በ7ኛው ዙር ራዶክ ተመትቶ ሲንገዳገድ ስቲል ገባና አቆመው። ራዶክ አልወደቀም። መድረኩ ላይ የሁለቱ ወገን ሰዎች ተያያዙ፤ ጸቡ ከግጥሚያው የባሰ ነበር። ይህኛውን ሦስት ጊዜ አየሁት። በዚህኛው ለወንድሜ ገና አልተሸነፍኩለትም፤ ራዶክ ራሱን ለመከላከል ጓንቱን አንስቶ ነበር። ግጥሚያው ይደገም ተባለና በሰኔ ላይ ተደገመ። ታይሰን 12 ዙር ሙሉ ተጫውቶ በነጥብ ነው ያሸነፈው። ራዶክ በተሰበረ መንጋጋ እስከ መጨረሻው ቆሟል።

አገልግሎቱ «የክፍለ ዘመኑ ዝርፊያዎች» የሚል ስብስብ አለው። ስሙ ራሱ ያናድደኛል። ፍርዱን ሰጥተው ካበቁ እኔ ምን ልመለከት ነው? ውስጡ ደግሞ ሁሉም ነገር ተደባልቋል። ለምሳሌ ሌኖክስ ሉዊስ ከቪታሊ ክሊችኮ፣ 2003 እ.ኤ.አ.። ክሊችኮ ከ6 ዙር በኋላ በሦስቱም የነጥብ ዳኞች 58 ለ56 እየመራ ግጥሚያው ቆመ። አዎ፣ ያሳዝናል። ግን እሱ በቁስል፣ በሐኪም ምክንያት የቆመ ነው። ሐኪሙ ያለው ክሊችኮ ራሱን ቀና ሲያደርግ የተቀደደው የላይኛው የዓይን ቆቡ እይታውን ይጋርደዋል ነው። የምስሉ ጥራት እዚህ ላይ ሙገሳ ይገባዋል፤ ቁስሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልቡ የማይችል አይክፈተው።

ከስብስቡ ውስጥ «ዝርፊያ» ቢባል ብዙም የማልከራከረው ካርል ፍሮች ከጆርጅ ግሮቭስ ነው። ኖቬምበር 23 ቀን 2013 እ.ኤ.አ.፣ ማንችስተር። ግሮቭስ ወጣቱ ነው። ሲገባ ሕዝቡ ጮኸበት። በመጀመሪያው ዙር ሻምፒዮኑን ፍሮችን ዘረረውና ጩኸቱ ወደ ዝምታ ተለወጠ። ከዚያ ስምንት ዙር የሚመስጥ ቦክስ። በሦስቱም ዳኞች ግሮቭስ ይመራል። በ9ኛው ዙር ፍሮች አገኘው፣ ግሮቭስ ተንገዳገደ፣ ጎንበስ አለ። ዳኛው ሃዋርድ ፎስተር ዘሎ ገባና አንገቱን አቅፎ ያዘው። አለቀ።

በዝግታ አጫወትኩት። ደጋግሜ አየሁት። የቴይለሩ ላይ ያገኘሁትን እዚህ ፈልጌ አጣሁት። ግሮቭስ አልወደቀም። ማንም «ደህና ነህ?» አላለውም። ዳኛው ሲለቀው ዓይኑ ጥርት ብሎ፣ አፉ ወዲያው እየተናገረ ነበር። መጀመሪያ የጮኸበት ሕዝብ መጨረሻ ላይ ለእሱ አጨበጨበ። ተመልካች እንዲህ ሐሳቡን ሲገለብጥ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ቀበቶ ከሚሰጡት ድርጅቶች አንዱ የሆነው አይቢኤፍ የግሮቭስን አቤቱታ ሰምቶ እንዲደገም አዘዘ። በሚቀጥለው ዓመት በሜይ መጨረሻ ዌምብሌይ ላይ 80,000 ሰው ፊት ተገናኙ። በ8ኛው ዙር ፍሮች በአንዲት ቀኝ ዘርሮት ክርክሩን ዘጋው። ወንድሜ ይህን ስነግረው «አየህ! ፎስተር አውቆ ነው» አለኝ። በፍጹም አልስማማም። የሜይ ቡጢ የኖቬምበርን ውሳኔ ትክክል አያደርገውም። ፎስተር ያን ቀን ያየው የዚያን ቀን ግሮቭስን ነው።

በተቃራኒው ደግሞ ዳኛው ጃክ ሪስ አለ። ዲሴምበር 1 ቀን 2018 እ.ኤ.አ.፣ ሎስ አንጀለስ፣ ዲዮንቴ ዋይልደር ከታይሰን ፉሪ። በ12ኛው ዙር ዋይልደር በቀኝና በግራ አከታትሎ ሲያገኘው ፉሪ በጀርባው ተዘረጋ። ሬሳ ነው የሚመስለው። ያኔ ሪስ እጁን አወናጭፎ ቢያቆመው «ለምን?» የሚል አንድ ሰው አይገኝም ነበር። እሱ ግን ተንበርክኮ ቆጠረ። ፉሪ በዘጠኝ ብድግ አለ። ሪስ ወዲያው አልለቀቀውም፤ አናገረው፣ እንዲራመድ አደረገው፣ አየው፣ ከዚያ «ቀጥሉ» አለ። ፉሪም ዙሩን ጨረሰ። ግጥሚያው በአቻ ተጠናቀቀ።

ይህን ግጥሚያ ማህደሩ እንዴት እንዳቀረበው ስሙልኝ። የሽፋኑ ፎቶ ፉሪ ተዘርግቶ የተኛበት ነው! ገና ሳትከፍተው 12ኛው ዙር ላይ ምን እንደሚሆን ያውቃል ዓይንህ። የእግር ኳስ ጨዋታ ሽፋን ላይ ውጤቱን እንደመጻፍ ነው። ሽፋኖቹ በሙሉ እንደዚህ ናቸው። እኔ ስልኩን በእጄ ጋርጄ ነው የምፈልገው። ለጓደኛ ብታሳዩ ቀድማችሁ ራሳችሁ ክፈቱት።

የጽሑፍ መግለጫዎቹም ጥንቃቄ ይጎድላቸዋል። ኦሌክሳንደር ኡሲክ ከታይሰን ፉሪ፣ ሜይ 18 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.፣ ሪያድ። በ9ኛው ዙር ፉሪ ከገመድ ገመድ ሲላተም ዳኛው ማርክ ኔልሰን ገብቶ ቆጠረ። መግለጫው «ዳኛው ፉሪን ለማሳረፍ ቆመ» ይላል። ስህተት ነው። ገመዱ ባይዘው ይወድቅ የነበረ ሰው እንደ ወደቀ ይቆጠራል፤ ሕጉ ነው። ኔልሰን ቆጠራውን ባይጀምር ኡሲክ ሁለት ቡጢ ጨምሮ ይጨርሰው ነበር የሚሉ አሉ። ይሆናል። ግን ያ ቆጠራ ለኡሲክ ነጥብም ነው። ግጥሚያውን ኡሲክ ያሸነፈው በሁለት ዳኛ ለአንድ ነው፤ ከሁለቱ አንደኛው የሰጠው 114 ለ113 ነበር። ያቺን አንድ ነጥብ አስቡት።

አሁን ወደ ከባዱ ቅሬታዬ። የቻቬዝና ቴይለር ግጥሚያ ሲያልቅ ማህደሩ ሳይጠይቀኝ ቀጣዩን ቪዲዮ ጀመረ። ጥቁርና ነጭ ነው። ስሙን ሳላነብ ትንሽ አየሁ። ከዚያ ምን እንደሆነ ገባኝ። 1962 እ.ኤ.አ.፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ ኤሚል ግሪፊት ከቤኒ ፓሬት፣ 12ኛው ዙር። ዳኛው ሩቢ ጎልድስታይን የተከበረና ልምድ ያለው ሰው ነበር። ፓሬት ጥጉ ላይ ገመድ ተደግፎ መውደቅ እንኳ አቅቶት ሲደበደብ ጎልድስታይን ዘገየ። ፓሬት ከአሥር ቀን በኋላ ሞተ። ይህ በቴሌቪዥን በቀጥታ የተላለፈ ነው። አንድ ሰው ሲገደል የሚያሳይ ምስል «ቀጥሎ ይመልከቱ» ተብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ አይለቀቅም። ዘጋሁትና የዚያን ማታ ሌላ አልከፈትኩም።

በማግስቱ ዝርዝሩ ውስጥ ሬይ ማንቺኒ ከኪም ዱክ ኩ መኖሩን አየሁ። 1982 እ.ኤ.አ.። በ14ኛው ዙር የቆመ፣ ኪም ከቀናት በኋላ የሞተበት። አልከፈትኩትም። ግን ስለ እሱ ሳስብ አንድ ነገር ተገጣጠመልኝ። ከኪም ሞት በኋላ ነው ደብልዩቢሲ፣ ሌላው ቀበቶ ሰጪ ድርጅት፣ የሻምፒዮና ግጥሚያን ከ15 ዙር ወደ 12 ያወረደው፤ ሌሎቹም ኋላ ተከተሉ። ስለዚህ ያቺ የቴይለር «የመጨረሻ ሁለት ሰከንድ» የመጨረሻ የሆነችው በኪም ምክንያት ነው። በድሮው ሕግ ቢሆን ገና ሦስት ዙር ይቀረው ነበር፤ ስቲልን የሚወቅስም አይኖርም። በ1981 እ.ኤ.አ. ሹገር ሬይ ሌናርድ ቶማስ ሄርንስን በ14ኛው ዙር ሲረታ ሄርንስ በሦስቱም ዳኞች ይመራ ነበር። በ12 ዙር ሕግ ቢሆን የሄርንስ ድል ነበር። ይህን ለወንድሜ ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ «ታዲያ ከማን ጋር ነህ አሁን?» አለኝ።

ለአገልግሎቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስት ነገር ጠየቅኩ፤ የዕረፍቷን ደቂቃ መልሱ፣ በዳኛ ስም መፈለጊያ ጨምሩ፣ ሞት ያለበትን ግጥሚያ ሳይጠየቅ አታስጀምሩ። ከአራት ቀን በኋላ መልስ መጣ። ስለ አስተያየቴ አመስግነው «ሊወዱት ይችላሉ» የሚል ዝርዝር ልከውልኛል። አንደኛው ላይ ያለው ግሪፊት ከፓሬት ነው።

ከአምስት ኮከብ ሁለት ተኩል። ሁለቱ ለመድረኩ ድምፅና ለምስሉ ጥራት፣ ግማሹ ከወንድሜ ጋር አዲስ ጭቅጭቅ ስለሰጠኝ። ለአንድ ወር ብቻ አድሼዋለሁ። የታይሰንና የራዶክን ድጋሚ ግጥሚያ ገና አልጨረስኩም፤ 8ኛው ዙር ላይ ነኝ።